በዘገዬ ስም የወጣው ግጥም

የአቶ ወንዳፍራሽ ገብሬ የሕይወት ታሪክ፣ 1938–1981 ዓ.ም.

ኅዳር 16 ቀን 1977 ዓ.ም. እሑድ ከአምልኮ በኋላ፣ ናይሮቢ፣ ፓርክላንድስ በሚገኘው የጸሎት አዳራሽ ደጃፍ፣ አሥራ አንድ ሰው ቆሞ እየሰማ፣ አቶ ፍሥሐ ተክሉ አቶ ወንዳፍራሽን ሰላይ አሏቸው። ቃሉ እንዲህ ነበር፤ አንድም አልተጨመረበትም፦ «ስማ ፉንዲ፣ ይኼ ወንድሜ የምትለው ገጣሚ የታለ? አምስት ዓመት ግጥሙን አሳተምንለት፣ ጥላውን እንኳ አላየንም። በስሙ ግን ደብዳቤ አዲስ አበባ ይገባል። የደርግ ሥራ ካልሆነ የማን ነው?» አቶ ፍሥሐ ዛሬ ከለቀስተኛው መካከል አሉ፤ የተጠራጠረ ካለ ራሳቸውን ይጠይቅ። አቶ ወንዳፍራሽ ያን ቀን ያደረጉት ከመነገሩ በፊት ግን፣ ማን እንደነበሩ ይነገር።

አቶ ወንዳፍራሽ ከአባታቸው ከአቶ ገብሬ ወልዴ፣ ከእናታቸው ከወይዘሮ ሙሉሸዋ አገኘሁ በ1938 ዓ.ም. አዲስ አበባ፣ ጉለሌ ተወለዱ። በሚሲዮን ትምህርት ቤት እስከ ስድስተኛ ክፍል እንደተማሩ አባታቸው ስላረፉ፣ ደብተራቸውን አስቀምጠው ጋራዥ ገቡ። የገቡት ታናሽ ወንድማቸው ዘገዬ እንዲማር ነው። ተማረም፤ ዩኒቨርሲቲ ደረሰ። ስድስተኛ ክፍል ላይ መቅረት ስንፍና የሚመስላቸው ሰዎች ይኼን ልብ ይበሉ።

በጥር 1970 ዓ.ም. ዘገዬን ከቤት ወሰዱት። በአራተኛው ቀን ጠዋት አቶ ወንዳፍራሽ ወደ ሥራ ሲሄዱ፣ መንገድ ዳር ከተጣሉት አስከሬኖች መካከል አዩት። ከፊቱ በፊት የለዩት ጫማውን ነው፤ ለልደቱ ራሳቸው የገዙለት ቡናማ ጫማ ነበር። መሣሪያ የያዙት ሰዎች ማን ቆሞ እንደሚያለቅስ ይጠብቃሉ። አቶ ወንዳፍራሽ አልቆሙም። ጋራዥ ገብተው እስከ ማታ ሠሩ፤ ለእናታቸውም «ታስሯል አሉ» ብለው ነገሯቸው። ለእንዲህ ያለ ሟች ማልቀስም፣ ድንኳን መጣልም ክልክል ነበር። በሚያዝያ ወር በሞያሌ በኩል ወጥተው ናይሮቢ ገቡ።

ዌስትላንድስ አንድ ጋራዥ ውስጥ ሥራ አገኙ፤ ኬንያውያን ደንበኞች «ፉንዲ» ይሏቸው ነበር። ደንበኞቹ ሲሉት ባለሙያ ማለታቸው ነው። አቶ ፍሥሐ ሲሉት ግን ሌላ ነበር።

አቶ ፍሥሐ በዚያን ጊዜ «ወንፊት» የምትባለውን የስደተኞች የሥነ ጽሑፍ መጽሔት ያዘጋጁ ነበር። አቶ ወንዳፍራሽ ጥር 18 ቀን 1972 ዓ.ም. ግጥማቸውን ይዘውላቸው ሄዱ። አቶ ፍሥሐ ወረቀቱን በሁለት ጣት አንጠልጥለው፣ «ይኼ ግጥም ነው ወይስ የዘይት መጥረጊያ? አንተ ፍሬን ጠግን፤ ግጥሙን ለእኛ ተወው» አሉና አንድ መስመር ሳያነቡ መለሱላቸው። ሰው ሳቀ። የሳቁትም ስማቸው ይታወቃል፤ ለዛሬ ይለፋቸው።

ያልሳቁት የመጽሔቷን ስቴንስል በታይፕ የሚመቱት ወይዘሪት የሺወርቅ ዘርይሁን ብቻ ነበሩ። ወረቀቱን ተቀብለው በንጹሕ መቱት። በወንፊት ማንም በእውነተኛ ስሙ አይጽፍም ነበር፤ አገር ቤት የቀረ ቤተሰብ እንዳይነካ። «በማን ስም ይውጣ?» አሏቸው። «በዘገዬ ገብሬ» አሉ። መቃብር ያላገኘ ወንድማቸው ስሙ የሚቀመጥበት አንድ ቦታ እንዲያገኝ ብለው ነው። አቶ ፍሥሐ የማን እንደሆነ ሳያውቁ ያንኑ ግጥም የመጀመሪያው ገጽ ላይ አወጡት፤ «ይኼ የተማረ ሰው እጅ ነው» ብለውም ጻፉበት። ከግጥሙ ሁለት መስመር ይኸው፦

ጫማህን ለየሁት፣ እኔ ነኝ የገዛሁ፤
ፊትህን ሳልሸፍን እያየሁ ተጓዝሁ።

በወንፊት ያለ ስም ሁሉ የውሸት መሆኑን ናይሮቢ ያለ ሁሉ ያውቃል። ጉለሌ ያሉት እናት ግን አያውቁም። አንድ የአየር መንገድ ሠራተኛ ስሙን አይቶ፣ «እማማ፣ ዘገዬ አለ፤ ናይሮቢ ግጥም አወጣ» ብሎ የምሥራች ነገራቸው። ግጥሙንም አላሳያቸውም። ወይዘሮ ሙሉሸዋ ወዲያው አስጻፉ፦ «ወንዴ፣ ዘገዬን ለምን ደበቅኸኝ? ሁለት ዓመት ሙሉ ስንቅ ይዤ እስር ቤት በር ላይ ስቆም፣ የለም እየተባልሁ ወጡን መልሼ ስሸከም ዝም ትላለህ? አሁንስ ትቼዋለሁ። በል እሱ ራሱ ይጻፍልኝ፤ ያንተን ወሬ አላምንም።»

መርዶ በደብዳቤ አይነገርም። ሰው ማልዶ ተሰብስቦ፣ ደግፎ የሚይዝ ክንድ ቀርቦ ነው የሚነገረው። በዚያ ዘመን ጉለሌ ለዘገዬ መርዶ ማን ይሰበሰባል? ስለዚህ አቶ ወንዳፍራሽ ጽሕፈታቸው እንዳይታወቅ በግራ እጃቸው፣ ዘገዬ ሆነው ጻፉ፤ ደብዳቤውንም በአየር መንገድ ሰዎች እጅ ላኩ። ስምንት ዓመት ጻፉ። ግጥሙም ቢቆም እናት ይጠረጥራሉና አላቆሙም፤ አሥራ አራት ግጥም በዘገዬ ስም ወጣ። ለጠየቀ ሁሉ «ወንድሜ ነው፤ ሞምባሳ ነው የሚሠራው» ይሉ ነበር። በዚያ ስም ሲጽፉ ከኋላቸው የጫማ ኮቴ ይሰማቸው ነበር፤ ወንበራቸውን ሁልጊዜ ግድግዳ አስደግፈው የሚቀመጡት ለዚያ ነው።

በ1973 ዓ.ም. ከወይዘሮ የሺወርቅ ጋር ጋብቻ መሥርተው ሠርክንና ሙሉዓለምን አፈሩ። ሠርክ ከፍ ስትል «ዳዲ፣ አንክል ዘገዬ ለክሪስማስ ይመጣል?» ትላቸው ነበር። «ሥራ በዝቶበት ነው» ይሏታል፤ ከዚያ ምግባቸውን ይተዉታል።

ወይዘሮ ሙሉሸዋ በነሐሴ 1980 ዓ.ም. «ሁለት ልጆች ኬንያ አሉኝ» እንዳሉ ዐረፉ። አቶ ወንዳፍራሽም ከዚያ በኋላ ብዙ አልቆዩም። በኩላሊት ሕመም ሲረዱ ቆይተው ጥር 9 ቀን 1981 ዓ.ም. በተወለዱ በ43 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ተለዩ። በመጨረሻው ሳምንት ባለቤታቸውን የለመኑት አንድ ነገር ነው፦ «የእሱ መርዶ በእኔ ቀብር ላይ ይነበብ።» እነሆ ተነበበ። ዘገዬ ገብሬ በጥር 1970 ዓ.ም. ሞቷል። የምንቀብረው አንድ ሰው ነው፤ የምናለቅሰው ግን ለሁለት ወንድማማቾች ነው። ጌታ ሁለቱን ከእናታቸው ጋር በዕረፍቱ ይሰብስብልን፤ ለወይዘሮ የሺወርቅና ለልጆቹ መጽናናትን ይስጥልን።

አሁን ወደዚያ እሑድ። አቶ ፍሥሐ «የማን ነው?» ብለው ሲያፈጡባቸው፣ «ዘገዬ ሞቷል፤ ያወደስከው ግጥም የእኔ ነው» ማለት ይችሉ ነበር። አንዲት ቃል ነበረች፤ ስማቸው በዚያች ይጸዳ፣ የተማረው ሰውዬም በአሥራ አንድ ሰው ፊት ያፍር ነበር። ነገር ግን ከአሥራ አንዱ ሁለቱ የአየር መንገድ ሰዎች ነበሩ። እሑድ ፓርክላንድስ የተነገረ ማክሰኞ ጉለሌ ይደርሳል፤ እናትም ብቻቸውን ይሰሙታል። ወይዘሮ የሺወርቅ «ተናገር እንጂ!» አሏቸው። አቶ ወንዳፍራሽ ሁለቱን የአየር መንገድ ሰዎች አንድ በአንድ አዩ። ከዚያ ባርኔጣቸውን ደፉ፤ የሦስት ዓመቷን ሠርክን ከመሬት አንሥተው አቀፉና ወደ መንገዱ ወጡ።