የዳማ ፍሪሲዮን

ለናፍቆቴ፣ ለታላቅ ወንድሜ ለሰይፈ ሚካኤል፤ ካርቱም

ሰውነትህ እንዴት ነው? የዚያ አገር ሙቀትስ እንዴት ይዞሃል? ያ ማታ ማታ የሚነሳብህ ራስ ምታት ተወህ ወይስ እንደለመደው ነው? እንጀራ ታገኛለህ? እኛ ፈጣሪ ይመስገን አለን። እማዬ ደህና ናት፣ ቡናውም ዘንድሮ አላሳፈረንም። አባባም አሉ። «አሉ» ያልኩት እውነቴን ነው፤ የቀረውን ግን ቁጭ ብለህ አንብበው።

እንድሪስ ደብዳቤውን ሰጥቶህ አልሄድ ካለ አትቀየመው። አንብበህ እስክትጨርስ አጠገብህ እንዲቀመጥ የለመንኩት እኔ ነኝ። እንዲህ ያለው ነገር በወጉ ሽማግሌ ባለበት ነበር የሚነገረው፤ እዚያ ሽማግሌ ከየት ላምጣልህ? ነጋዴም ቢሆን እንድሪስ የአገርህ ሰው ነው።

በእሱ እጅ የላክኸው ፍሪሲዮን በደህና ደርሶልናል። ከአሶሳ ጀምሮ ጭኑ ላይ አድርጎት ነው የመጣው። አባባ ካርቶኑን ከፍተው መጀመሪያ ያደረጉት ማሽተት ነበር። አዲስ የፍሪሲዮን ሸራ ካሸተትኩ ስንት ዘመኔ አሉ፣ ደጋግመው አሸተቱት፣ እማዬንም አስሸተቷት።

መኪናችን ዳማ መንቀጥቀጥ መጀመሯን ያን ጊዜ ጽፌልህ ነበር። ቆማ ስትሠራ ምንም አይላትም፤ ማርሽ ገብቶ ልትነሳ ስትል ነው ወባ እንደያዘው ሰው የምትንዘፈዘፈው። ከኋላ ጆንያ ላይ የሚሳፈሩት የዳሪሙ ገበያተኞች «ሆላቱ»፣ ተንቀጥቃጧ፣ የሚል ስም አወጡላት፤ አባባ የፈረስ ስም ሰጥተዋት ኖረው ይህን ሲሰሙ ለቀናት አኮረፉ። መካኒኩ ጋሼ ኪቲላ መጀመሪያ ካንዴላ ነው ብለው ካንዴላውን ቀየሩ። ቀጥሎ ሞተሩን የተሸከሙት ጎማዎች አልቀዋል ብለው ከሌላ አሮጌ መኪና ፈትተው ገጠሙላት። እማዬ ደግሞ ጠበል ረጨቻት። ዳማ ግን ያው ናት። ጋሼ ኪቲላ በመጨረሻ ፍሪሲዮኑ ነው አሉ፣ ለእሷ ዕድሜ የሚሆን ፍሪሲዮን ደግሞ መቱ ውስጥ ጠፋ፣ ላንተ ጻፍን።

በዚያው ሰሞን አባባ ግራ እግሬ ይደነዝዘኛል ማለት ጀመሩ። ከዳማ ነው አሉ። ስትንቀጠቀጥብኝ እየዋለች አደነዘዘችኝ፣ ፍሪሲዮኗ ሲቀየር ይለቀኛል አሉ። እኛም አመንን። ታውቃቸው የለ፣ ወገባቸውን ያመማቸው ከያዮ መንገድ ነው፣ ጉሮሯቸው ከአቧራው ነው፤ ከመኪና ያልመጣ በሽታ አሟቸው አያውቅም። ሐኪም ቤት እንሂድ ብላቸው መጀመሪያ ዳማ ትታከም አሉኝ። ስለዚህ ሁላችንም ያንተን ዕቃ መጠበቅ ያዝን። ዘገየህ ማለቴ አይደለም ወንድሜ። እንዲያ ብለህ አታንብብብኝ።

ዕቃው ሲመጣ ጋሼ ኪቲላ ካምቢዮውን አወረዱ። የወጣው ሸራ ከሰል ሆኗል፣ ብረቱም በሙቀት ብዛት ሰማያዊ መልክ አውጥቷል። ይህን እርጅና አልበላውም፣ እግሩን ፔዳል ላይ አስተኝቶ የሚነዳ ሰው ነው ያቃጠለው አሉ። አባባ ተቆጡ። በዚህ ጥፋት ስንቱን ተለማማጅ ከመሪ ላይ አስወርደዋል፤ አንተንም ጭምር።

አዲሱ ገባና ለሙከራ ወጣን። ዳማ ያለ አንዳች ንዝረት ተነሳች፤ አባባ እንደ ልጅ ሳቁ። ጋሼ ኪቲላ ጋቢና ውስጥ ከጎናቸው ነበሩ፣ እኔ ከኋላ ሆኜ በመስኮቱ አያለሁ። ወደ ሶር ድልድይ ስንወርድ ያ የተቃጠለ ሽታ መጣ። ጋሼ ኪቲላ ጎንበስ ብለው ወደ ታች አዩ።

«ኦቦ ገብሬ፣ እግርዎን ከፔዳሉ ያንሱ» አሏቸው።

«አንስቻለሁ እኮ» አሉ አባባ።

እግራቸው ፔዳሉ ላይ ተኝቷል። ጋሼ ኪቲላ እጃቸውን ሰደው የአባባን እግር ቀስ አድርገው አነሱላቸው። አባባ መነካታቸውን እንኳን ሳያውቁ፣ መንገድ መንገዱን እያዩ ዳማን ያመሰግናሉ።

ዳር ይዘን ጫማቸውን አወለቅን። ምስማር ሶሉን በስቶ ገብቷል፤ መቼ እንደገባ የሚያውቅ የለም፣ ካልሲው ከቁስሉ ጋር ተጣብቋል። ሐኪሙ ስኳር ነው አለን፣ የደነዘዛቸውም ከዚያ ነው። እኛ ዳማ እግራቸውን ጎዳች እያልን ስንጠብቅ፣ ለካ የማይሰማው እግራቸው ነው ዳማን ሲያቃጥል የኖረው። ቁስሉ አጥንት ደርሶ ነበር። ከጉልበታቸው በታች ተቆረጠ። ሰይፈዬ፣ የአባባ ግራ እግር የለም።

ገና ከአልጋ ሳይነሱ ጠሩኝና ዳማ እንደ አዲስ ሆናለች ብለሽ ጻፊለት፣ ሌላ ነገር እንዳትጨምሪ፣ ልጄ በሰው አገር ብቻውን አያልቅስ አሉኝ። እሺ አልኳቸው። ያንተ ደብዳቤ መጥቶ ለፋሲካ እመጣለሁ፣ አባባ በዳማ መናኸሪያ ይጠብቁኝ የሚለውን ሳነብ ግን አልቻልኩም። ከአውቶቡስ ወርደህ ድንገት እንድታያቸው አልፈለግሁም። አንጀቴ ተቆርጧል ወንድሜ፤ እዚህ ፊታቸው ላይ አላለቅስም፣ የማለቅሰው ልብስ ሳጥብ ነው።

አሁን ዳማን የምነዳው እኔ ነኝ። አባባ ከጎኔ ይቀመጡና ከመንገዱ ይልቅ እግሬን ሲጠብቁ ይውላሉ። እስከ ታች ጫኚ፣ አሁን ልቀቂ፣ አንሺ ይሉኛል። ባለፈው ሳምንት የያዮ ዳገት ላይ ማርሽ ልቀይር ስጫን ዘወር ብዬ አየኋቸው። የግራ ጭናቸው አብሮኝ ይጫናል። ስለቅ አብሮኝ ይነሳል። ባዶው ሱሪ ሲንቀሳቀስ አየሁ፣ እሳቸው ግን አላወቁትም።

ስለዚህ ለፋሲካ ስትመጣ መናኸሪያ እንጠብቅሃለን። መሪው ላይ እኔን ስታይ አትደንግጥ። አደራህን ዓይንህን ወደ ታች አታውርድ፣ መጀመሪያ ፊታቸውን እይ። ከዚያ ፍሪሲዮኑ እንዴት ሆነ ብለህ ጠይቃቸው፤ እስከ ቤት ድረስ ያወሩልሃል።

እማዬ አበባየሁ ዓይንህን ትስማለች፣ በጾሙ በባዶ ሆድህ እንዳትሠራ ብላሃለች። ጋሼ ኪቲላ አሮጌውን ሸራ አልጣልኩትም፣ ሲመጣ ላሳየው ብለውሃል። አብሮህ ለሚኖረው ለጌታሰው ሰላምታዬን አድርስልኝ። ለእንድሪስ ሻይ አፍላለት፣ ከዚያ ይሂድ።

አባባ ደብዳቤ እየጻፍኩ መሆኔን አይተዋል። ለሰይፈ ዳማ እንደ አዲስ ሆናለች በይልኝ ብለውሃል።

እህትህ ሳያት
መቱ፣ የካቲት ፲፪ ቀን ፳፻፩ ዓ.ም.