ተይው፣ እኔ አደርገዋለሁ

ጋምቤላ
መጋቢት 28 ቀን 2016 ዓ.ም.

ይድረስ ለውድ ባለቤቴ ለያዕቆብ፣

እንዴት ሰነበትክልኝ? ልጃችንስ ሶሊ እንዴት ነው? እኔ ከሙቀቱና ከሥራ ባልደረቦቼ በስተቀር ደህና ነኝ። ባሮ ጎድሎ አሸዋው ወጥቷል፤ የክፍሌ ማራገቢያም የሚያዞረው ያንኑ የጋለ አየር ነው። ስልክ ላይ ሁለት ቃል ሳንለዋወጥ ስለምንጣላ በጽሑፍ ይሻላል ብዬ ነው። ወደ እናንተ ወደ መቱ የሚወጣ ሰው አግኝቻለሁ፣ እሱ ያደርስልኛል።

«ለፋሲካ ትመጪያለሽ ወይስ አትመጪም?» ብለህ የላክኸው መልእክት ደርሶኛል። በእኔ እጅ ቢሆን ኖሮ ዛሬውኑ ተነስቼ እመጣ ነበር። እዚያ ያለው ሆስፒታል በዝውውር ሊቀበለኝ እንደተስማማ ታውቃለህ። የቀረው የዚህኛው መልቀቂያ ነው፤ የነርሶቹ አለቃ ሜትሮኗ ደግሞ የኦፕራሲዮን ጠረጴዛሽን የሚይዝ ሰው አሳይኝና ሂጂ ብላኛለች። ማንን ላሳያት?

አንተ አስተማሪ ነህ፤ ጠመኔ ቢያልቅብህ ወጣ ብለህ ታመጣለህ። እኔ ግን ኦፕራሲዮን ክፍል ገብቼ፣ ታጥቤ፣ ጋውንና ጓንት ከለበስኩ በኋላ እጄ የእኔ አይደለም። አፍንጫዬን ቢበላኝ እንኳ አላክክም። ለዶክተሩ መሣሪያ አቀብላለሁ፤ ከጠረጴዛው ውጭ ያለውን ነገር ሁሉ ግን ሌላ ሰው ነው ማምጣት ያለበት። ያ ሌላ ሰው ባልደረባዬ ተሰማ ነው። የመስፊያ ክር ስለው ክር ፍለጋ ይወጣል፣ ኮሪደር ላይ ስልኩ ይጠራል፣ ከዚያ ወዲያ ተሰማም የለም ክሩም የለም።

አጁሉ ደግሞ አለች፤ የዚሁ ከተማ ልጅ ናት፣ እኛ ክፍል ከተመደበች ዓመት ያለፋት ነርስ። እሷስ አትጠፋም። ግድግዳ ተደግፋ፣ እጇን አጣጥፋ ትቆማለች። ያንን አቋቋሟን ሳይ ደሜ ይፈላል። ላቤ ዓይኔ ውስጥ ሲገባ የሚጠርግልኝ ሰው የለም። ስለዚህ ከመታጠቤ በፊት የደም መጥረጊያውን ጎዝም ክሩንም ራሴ አወጣለሁ፣ መብራቱንም ራሴ አስተካክላለሁ። ሥራ ለሠሪው፣ እሾህ ላጣሪው ብዬ ትቼዋለሁ።

ባለፈው ሳምንት ኛቾል የምትባል ወላድ ከጀዊ የስደተኞች ጣቢያ በአምቡላንስ መጣችልን። ደም እየፈሰሳት ስለነበር ወዲያው ይዘናት ገባን። ዶክተሩ ሆዷን እንደከፈተ የደም መምጠጫው ማሽን ቀጥ አለ። ተሰማን ብጠራ የለም። አጁሉ ከግድግዳው ፈቀቅ ስትል አየኋት፤ እሷ የሚሠራ ሌላ ሶኬት ፈልጋ እስክታገኝ ሴትየዋ ታልቅብናለች ብዬ «ተይው» አልኳትና ጓንቴን አውልቄ፣ ራሴ ሄጄ ገመዱን ሌላ ሶኬት ላይ ሰካሁት። ማሽኑ ተነሳ። እኔ እንደገና ታጥቤ እስክለብስ ድረስ ግን ዶክተሩ እጁን ሆዷ ውስጥ ይዞ፣ መሣሪያ የሚያቀብለው አጥቶ ቆመ። ፈጣሪ ይመስገን እናትም ልጅም ተረፉ። ዶክተሩ ታዲያ ማንን ቢቆጣ ጥሩ ነው? እኔን።

በማግስቱ ግምገማ ሆነ። ተሰማ ተነስቶ ሲስተር እሙዬ ጎበዝ ናት፣ የቡድን መንፈስ ግን ይጎድላታል አለ። ይህንን ያለው ተሰማ ነው እንግዲህ። ያቺን የሃምሳ ሎሚ ተረትም አልተዋትም፤ እሷ ሳትጠቀስ የተበተነ ስብሰባ መቼም አላየሁም። ከሱ ቀጥሎ አጁሉ ተነሳች። ስብሰባ ላይ ስትናገር ሰምቻት አላውቅም።

«ሲስተር፣ እኔ ልሰካ ተነሳሁ፣ አንቺ ተይው አልሽ። ጎዝ ላምጣ ስል ተይው። መብራት ላዙር ስል ተይው። እኔ ምን ላድርግ? ግድግዳ ይዤ እቆማለሁ።»

ሰው ሊሞት ሲል ቆሜ ላስተምራት ኖሯል? እስካሁን ሳስበው ያንገበግበኛል።

ሜትሮኗ እዚያው ወሰነች፦ ከሰኞ ጀምሮ አጁሉ ጠረጴዛው ላይ ትቁም፣ እኔ ከውጭ ላቀብል። ያዕቆብ፣ እጅ እያለኝ ቆሜ ማየት እንዲህ የሚያም አይመስለኝም ነበር። አጁሉ አንገቷን ደፍታ ጸለየች፣ ታጠበች፣ ቆመች። የአንድ ሽማግሌ የሄርኒያ ኦፕራሲዮን ነበር። ዶክተሩ ሳይጠይቃት መቀሱን አዘጋጅታ ትጠብቀዋለች። ጎዝ ስትለኝ እኔ ቶሎ አላገኘሁትም፤ ምን ላድርግ፣ ቦታውን ቀይረውታል። ሲጨርሱ ዶክተሩ አመሰገናት። እኔን በዚህ ሁሉ ዘመን አንድ ቀን አመስግኖኝ አያውቅም።

ዛሬ ጠዋት ሜትሮኗ ቢሮዋ ጠራችኝ። መልቀቂያዬ ተጽፎ ፊርማ ብቻ ቀርቶታል። «አጁሉ ትችላለች? አንቺ ትችላለች ካልሽ አሁኑኑ እፈርምልሻለሁ» አለችኝ።

እንግዲህ ሐቁን መናገር አለብኝ፤ አጁሉ ክር ስታቀብል ትንሽ ትዘገያለች። ተሰማም ያው ተሰማ ነው። ነገ አንዲት ወላድ መጥታ አንድ ነገር ብትሆን በማን ይፈረዳል?

«ገና ናት» አልኳት። ሜትሮኗ ትክ ብላ አየችኝና ወረቀቱን መሳቢያ ውስጥ ከተተችው።

ስለዚህ ለፋሲካ አልደርስም። በእኔ አትፍረድብኝ፤ የሚረዳኝ ሰው ከሌለ ምን ላድርግ? ሶሊ የፊት ጥርሱን አወለቀ ብለኸኝ ነበር፣ አዲሱ ሳይበቅል ፎቶ አንሳልኝ። እናቱ የት ናት ካለህ ሥራ ይዟት ነው በለው። ለጾሙ ፍጻሜ በሰላም ያድርሳችሁ፤ እመቤታችን ባላችሁበት ትጠብቃችሁ። በጊዜ መተኛት አለብኝ፤ ነገ ጠረጴዛው ላይ ተራው የአጁሉ ነበር፣ እኔ እገባለሁ ብያታለሁ።

ባለቤትህ
እሙዬ