ምንጮቼን በፍላሽ ይዤ የቀረብኩበት ቀን

ይድረስ ለወንድምዓለሜ ለሙህዲን እንድሪስ፣ ጂዳ።

አሰላሙ ዐለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱሁ። እንዴት ነህ ወንድምዓለም? አካም ጅርታ? ወገብህን የሚይዝህ ነገር ለቀቀህ ወይ? ሰዒዳስ እንዴት ናት? ልጃችሁ ነኢማ በእግሯ ሄደች ሲሉኝ ለእኔ ገና የታቀፈች ነው የምትመስለኝ። እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። የእማ ስኳር ረገብ ብሎላታል። አባም እንደ ልማዱ እሑድ እሑድ ሰንበቴ ገበያ ይወርዳል። የጨፋ ማሽላ ዘንድሮ ሰው ይውጣል፤ ወፍ ካልቀደመን ጥሩ ነው።

በጽሑፍ የመጣሁብህ በስልክ ልነግርህ ያልደፈርኩት ነገር ስላለ ነው። የላክህልኝ ላፕቶፕ ሐምሌ ላይ ሞቷል። ከሰንበቴ ስመለስ ባጃጁ ጎርፍ ውስጥ ተገለበጠ። እኔ ክርኔን ብቻ ተላጥኩ፤ ቦርሳዬ ግን ከጭቃው ሲወጣ ውሃ ያንጠፈጥፍ ነበር። በደወልክ ቁጥር "ደህና ነው" እያልኩ ይኸው ሦስት ወር ዋሸሁህ። አፉ በለኝ።

የሁለተኛ ዲግሪ ጥናቴ ሰንበቴ ገበያ ስለሚመጡ ፍየሎች በሽታ መሆኑን ታውቃለህ። እንዲህ ያለ ነገር ሲጻፍ ሌሎች ያጠኑትን መጥቀስ ግድ ነው። እኔ መቶ ሰማንያ ስድስት ጽሑፍ ሰብስቤ ነበር። እነሱን የሚይዝልህ ፕሮግራም አለ፤ ሐሳቡን ከማን እንዳገኘኸው ስትነግረው ስሙን ራሱ ያስገባልሃል፣ መጨረሻ ላይም ዝርዝሩን ይደረድርልሃል። የጽሑፎቹ ቅጂ ፍላሽ ላይ ነበረኝ። ፕሮግራሙና የመዘገብኩት ሁሉ ግን ላፕቶፑ ውስጥ ቀረ።

ከዚያ ወዲህ ባገኘሁት ኮምፒውተር ሆነ ሥራዬ። ጠዋት መሥሪያ ቤት፣ ከሥራ ስወጣ ደግሞ ጓደኛዬ ዘይና የከፈተችው የኮምፒውተር ጽሕፈት ቤት። አንዱ ጋ የጫንኩት ሌላው ጋ የለም። ቀኑ ሲገፋኝ ስሞቹን በእጄ አስገባሁና ተደበላለቁ። ረቂቁን ባስገባሁ በሳምንቱ አማካሪዬ ደወለ። "ሳቢራ፣ ይህ ሰውዬ የጻፈው ስለ ግመል ነው። የፍየሉን ነገር ከየት አመጣሽው?" አለኝ። መስከረም መግቢያ ላይ ከዩኒቨርሲቲው ደብዳቤ መጣ፤ በአሥር ቀን ውስጥ ቀርቤ ምንጮቼን ካላሳየሁ ጥናቱ እንደ ፈጠራ ተቆጥሮ ውድቅ ይሆናል ይላል። ለእማ አልነገርኳትም። ምግብ አልወርድ ሲለኝ ግን ገብቷታል።

መሥሪያ ቤታችን ውስጥ መረጃ የሚይዝ ዓብዱ የሚባል ልጅ አለ። ጉዴን ስነግረው "ኮምፒውተሩ ላይ ለምን ትጭኚዋለሽ? ፕሮግራሙንም ጽሑፎቹንም አንድ ላይ ፍላሹ ላይ አኑሪያቸው፤ የሄድሽበት ይከፈታል" አለኝ። አብረን አደረግነው፤ መሥሪያ ቤት ውስጥ እንደ ልብ ተከፈተ። ደስ ብሎኝ ዘይና ጋ ሄጄ ስሰካው ግን ዝርዝሩ አለ፣ ጽሑፎቹ የሉም። አንዱን ብነካ "አልተገኘም"፣ ሌላውን ብነካ "አልተገኘም"። እዚያው ወንበሩ ላይ አለቀስኩ። በማግስቱ ዓብዱ አይቶ ሳቀብኝ። ለካስ የመሥሪያ ቤቱ ኮምፒውተር ፍላሹን በአንድ ፊደል ይጠራዋል፣ የዘይና ደግሞ በሌላ። ፕሮግራሙ የያዘው የመጀመሪያውን አድራሻ ነው። "ጽሑፎቹን እነ እገሌ ቤት ፈልጋቸው አትበይው፤ ከጎንህ ናቸው በይው" ብሎ አስተካከለልኝ። ከዚያ በኋላ የትም ብሰካው ይከፈት ጀመር።

ስድስት ቀን ሙሉ አንድ በአንድ መዘገብኩ። ልቀርብ ሁለት ቀን ሲቀረኝ ከዘይና ኮምፒውተር ቫይረስ ገባና ፍላሹ ባዶ ሆነ። ዘይና ከእኔ በላይ ደነገጠች። ደግነቱ ዓብዱ ጠዋት ጠዋት ቅጂ ካልሰጠሽኝ እያለ ይጨቀጭቀኝ ነበር፤ የጠፋው የአንድ ቀን ሥራ ብቻ ሆነ። እሱንም ሳልበላ ሳልጠጣ መልሼ አስገባሁት።

በቀጠሮዬ ቀን መንገድ ሊዘጋ ነው የሚል ወሬ ስለነበር በመጀመሪያው ሚኒባስ ወደ ዩኒቨርሲቲው ሄድኩ። ሦስት መምህራን ተቀምጠዋል። የክፍሉ ኮምፒውተር ኢንተርኔት የለውም፣ ምንም ነገር መጫንም አይፈቅድም። ሰብሳቢዋ "ፕሮግራሙ እዚህ የለም፤ ታዲያ በምን ልታሳዪን ነው?" አሉኝ። "ይዤው መጥቻለሁ" ብዬ ፍላሹን ሰካሁ። መብራቷ ብልጭ ድርግም ትላለች፣ ገጹ ግን ነጭ እንደሆነ ቀረ። በልቤ ከቁርኣን ያሲንን መቅራት ጀመርኩ። ተከፈተ። እነሱ ቁጥር ይጠራሉ፣ እኔ እከፍታለሁ። ሃያ ሁለት ጠየቁኝ፤ ሃያ ሁለቱም ወጡ።

በመጨረሻ ያቺን የግመሉን ሰውዬ ነገር አነሡ። ወንድምዓለም፣ ይህንን ከቤተሰብ ለአንተ ብቻ ነው የምናገረው፤ እሷ የኮምፒውተር ስህተት አልነበረችም። ፍየል ሳል ከመጀመሯ ሁለት ቀን በፊት ከመንጋው ኋላ እንደምትቀር፣ ነጋዴዎችም በዚያ ለይተው እንደማይገዟት የነገረኝ አባ ነው። አባቴ ነገረኝ ብዬ መጻፍ አፍሬ ያንን ሰውዬ ጠቀስኩት። ውሸት ልጨምር አፌ ድረስ መጥቶ ነበር። ተውኩትና እውነቱን ነገርኳቸው። ሰብሳቢዋ መነጽራቸውን አውልቀው "ያልተናገረውን ሰው አታስመስክሪ። የአባትሽን ስም፣ ቦታውንና ቀኑን ጽፈሽ እሱን ምንጭ አድርጊ" አሉኝ። ለማረም ሁለት ሳምንት ሰጡኝ። አርሜ አስገባሁ፤ ባለፈው ሐሙስ ማለፌን ነገሩኝ።

ዝርዝሩን አሳትሜ ለአባ አነበብኩለት። "እንድሪስ ሙሄ፣ የፍየል ነጋዴ፣ ሰንበቴ" ስል ወደ ወረቀቱ ተጠጋ። ከዚያ "ከላዬና ከሥሬ ያሉት እነማን ናቸው?" አለኝ። ዶክተሮች መሆናቸውን ስነግረው ቆቡን አስተካከለና "እንግዲያው ድገሚው" አለኝ።

እማ ዱዓዋ ከአንተ እንዳልተለየ ንገሪው ብላለች። አባ ወገብህን ከባድ ነገር እንዳታሸክመው ይልሃል። ዘይናም ሰላም ብላሃለች። ሰዒዳን እቀፍልኝ፤ ነኢማን ሁለቱንም ጉንጯን ሳምልኝ። አላህ በሰላም ያገናኘን።

እህትህ ሳቢራ እንድሪስ
ከሚሴ፣ ጥቅምት 14 ቀን 2018 ዓ.ም.