ሩቤን ሰሌዳውን አላየም

ውድ ቆንጅት፣

አስቀድመሽ ይህን እወቂልኝ፤ እኔ አልሰገድኩም።

ካርዱ ላይ የምታዪው የጃፓኖች የሺንቶ ቤተ አምልኮ ነው። ተራራና ደን ውስጥ ስላለ ከቤታችን ወጥተን ከኮክረን ከተማ ወዲያ ወደ ተራራው የሄድን ይመስላል፤ ጸጥታው ግን አላማረኝም። መግቢያው ላይ መታጠቢያ ውሃ አለ። ጠበል መስሎኝ እጄን ሰበሰብኩ። እንግዳው ሁሉ እዚያ በቆመ ሰሌዳ ላይ የተሣለውን የአስተጣጠብ ሥርዓት እያየ ይታጠባል። ልጄ ሩቤን ግን ሰሌዳውን ሳያይ ግራውን፣ ቀጥሎ ቀኙን ታጠበ፤ ተጉመጠመጠ፤ ከዚያ ገብቶ ሰገደና አጨበጨበ።

«የት ተማርከው?» አልኩት።

«እማዬ፣ አምና ለትሬኒንግ መጥቼ የለ? ሪስፔክት ነው እንጂ ሌላ አይደለም።»

«ዓይንህን ጨፍነህስ ምን አልክ?»

«ጉልበትሽን እንዲያድንልሽ ለመንኩ።»

ማን እንዲያድንልኝ እንደለመነ ግን አልተናገረም።

ነዳጅ ከተወደደ ወዲህ ተጨማሪ ሥራ ይዣለሁ ብሎ ጠዋት ከእኔ ጋር ቤተ ክርስቲያን መሄድ ትቷል፤ «እሑድ ቀን ፉትሂልስ የሥራ ሺፍት አለኝ፤ የማታውን አምልኮ ነው የምካፈለው» ይለኛል። ማታ በቤተ ክርስቲያናችን በር ላይ ቆመሽ ሰው የምትቀበዪው አንቺ ነሽ።

ባልሽን ገረመውንና ልጆቹን ሳሚልኝ። እስከ ወሩ መጨረሻ እዚሁ ነን፤ የሆቴሉን አድራሻ ጥጉ ላይ ጽፌዋለሁ። ሩቤን እሑድ ማታ ለአምልኮ ይመጣል ወይስ አይመጣም? ሳታዝኚልኝ እውነቱን ቶሎ ጻፊልኝ።

ብዙአየሁ