የማን ጣሪያ ላይ?

ጥር 14 ቀን 2018 ዓ.ም.
ወልድያ

የፊዮሪ የፊት ጥርስ ትናንት ወለቀ።

ለልጄ የጡት እናት፣

እንደምን ከረምሽ? ባለቤትሽ ኡበይደላስ ደህና ነው? ግራና ያሉት እናትሽስ ወገባቸው ተሻላቸው? በስልክ ሁልጊዜ ደህና ነን ትይኛለሽ፤ ከዚያ ስለ ዘይት ዋጋ አውርተን እንዘጋለን። ስለዚህ ልጻፍልሽ አልኩ። ወፍጮ ቤት ተራ ይዤ ነው የምጽፈው። ባለወፍጮው ወልዴ ዛሬም መብራት እየጠበቀ ነው። ስጨርስ የመርሳን ሚኒባስ ለሚነዳው ለጌትነት እሰጠዋለሁ። እኛ ደህና ነን። የቤቴ አባወራ ሸሻይ ሰላም ብሎሻል።

ስለ ጥርሱ ልንገርሽ። ጣሪያ ላይ ወርውሪውና አዲስ ይበቅልልሻል አልኳት። «የማን ጣሪያ ላይ?» አለችኝ። የእኛ ነዋ ብላት፣ ጥርሱ የእኛ እንዳልሆነ አስረዳችኝ። ስሙ የወተት ጥርስ ነው፤ ወተቱ ደግሞ ያንቺ ነው። ስለዚህ ጥርሱ እስላም ነው፣ በሩ ላይ መስቀል ያለበት ቤት ላይ ቢወረወር ግራ ይገባዋል አለች። ሸሻይ እየሳቀ፣ አንቺ ራስሽስ ምንድን ነሽ ቢላት፣ «እኔማ ክርስቲያን ነኝ፤ ሆዴ ነው እስላም» አለችው።

ይኼ የሆድ ነገር እንኳ ቆይቷል። ባለፈው የንስሐ አባታችን ቤት ቢመጡ ረቡዕ ቀን እንቁላል ስትበላ አገኟት። ከርሞ ጾም ትጀምሪያለሽ አሏት። ሆዴ እስላም ስለሆነ ረቡዕ አይመለከተውም አለች። ታዲያ እንቁላሉ የሚገባው በክርስቲያን አፍ አይደለም ወይ ሲሏት፣ «አፌ ባጃጅ ነው አባ፤ ያደርሳል እንጂ አይበላም» ብላቸው አረፈች። አባ እስከ በሩ ድረስ እየሳቁ ወጡ። አንቺ ብትሰሚ ኖሮ በሳቅ መሬት ላይ ትቀመጪ ነበር።

አብረን የሳቅነውን የመጨረሻ ሳቅ ግን አልረሳሁትም። ከመሄዳችሁ በፊት ነው፣ ጓሮ ልብስ ስናሰጣ። ፊዮሪ፣ ልጅሽ አብዱልሐሊም አሁን የት ነው አለችሽ። ጀነት ነው አልሻት። እዚያ ማንን ይጠባል አለች። ጀነት ውስጥ ወተቱ በወንዝ ነው የሚፈሰው፣ አይራብም አልሻት። ትንሽ አሰበችና፣ «ታዲያ እዚህስ ለምን በወንዝ አልሆነም? ለሁለታችንም ይበቃን ነበር» አለች። ሳቅን፣ ሁለታችንም። ከዚያ ያልደረቀውን ልብስ ከገመዱ ለቅመሽ ገባሽ።

ብዙም ሳትቆዩ መርሳ ገባችሁ። ኡበይደላ ሱቅ አግኝቶ ነው ተባለ። እኔም ለጎረቤቱ ሁሉ ሱቅ አግኝተው ነው አልኩ።

ያኔ በአራስነቴ፣ ጡቴ ደርቆ ፊዮሪ ስታለቅስ የሰማሻት አንቺ ነሽ። አልለመንኩሽም፤ መጥተሽ ወሰድሻት። አብዱልሐሊምን በቀኝ፣ እሷን በግራ ይዘሽ ትቀመጪ ነበር። ለእሱም ይተርፈዋል ትይኝ ነበር። እውነት ይተርፈዋል ወይ ብዬ ደግሜ አልጠየቅሁሽም። ሐኪሙ የሳንባ ምች ነው አለ። አንቺም የሳንባ ምች ነው አልሽ። እኔም ለጠየቀኝ ሁሉ እንደዚያው እላለሁ።

ልጽፍ የተነሣሁት ግን ይህን አልነበረም። ልጠይቅሽ ነው፤ ፊዮሪ ጥርሷን ይዛ ትምጣ ወይ? ያንቺ ጣሪያ ላይ ካልሆነ አልወረውርም ብላለች። በላስቲክ ጠቅልላ ካልሲዋ ውስጥ ከታ ነው ያደረችው። አይሆንም ብትይም አልቀየምሽም። እሷን ማየት ለምን እንደሚከብድሽ ሱቅ ነው ላሉት ሰዎች ነግሬ አላውቅም።

መብራት መጣ። ወልዴ ተራሽ ደርሷል እያለ ይጣራል። ፊዮሪ ደግሞ አጠገቤ ቆማ፣ ጌትነት ደብዳቤ የሚጭን ከሆነ ጥርስ ያለው ሰው አይጭንም ወይ ትለኛለች።

ይህን ለጌትነት ብሰጠው፣ ትደውዪልኝና ስለ ዘይት እናወራለን። አልሰጠውም። ጤፉን ለወልዴ ትቼለት መውጣቴ ነው። ደብዳቤውን ከፊዮሪ ጋር መጥቼ በርሽ ላይ ራሴ እሰጥሻለሁ። ካላስገባሽንም ግድ የለም፤ ጣሪያው ከውጭም ይደረስበታል።

ቤትሽን ሰው አይራቀው፤ ያጠባሽው ይባረክ።

የጡት ልጅሽ እናት