ላስቲኩ አልተሳሳተም

ልጄ መዓዛ፣

ከተለየሽን ዛሬ ሰማንያ ሦስት ቀን ሆነ። ለሰማንያሽ የመጣው ሰው ሁሉ፣ ጥንቃቄን ያስተማሯት አንቱ ነዎት እያለ አመሰገነኝ።

የእርሳስ ጥቁሩን በሳሙና ውሃ ዘፍዝፈሽ፣ በእናትሽ ጁስ መፍጫ እየመታሽ ግራፊን የተባለውን እጅግ ስስ ንጣፍ ስታወጪ፣ መፍጫዬን ገደልሽው ብላ ስትጮህ ትዝ ይለኛል። ንጣፉን ላስቲክ ውስጥ አስርገሽ፣ በሽቦ ከስልክሽ ጋር አገናኝተሽ ደረትሽ ላይ ጠመጠምሽው። ስትተነፍሺ ላስቲኩ ይለጠጣል፤ ሲለጠጥ ኤሌክትሪክ ማሳለፉ ይቀንሳል፤ መስመሩ ስልኩ ላይ ይወጣል፣ ይወርዳል። ፊዚክስ ሳስተምር ባረጀሁበት ዘመን እንዲህ የሚያምር ነገር አላየሁም ነበር። ይህን ግን አልነገርኩሽም።

መስመሩ ዕረፍት አልነበረውም። ተቀምጠሽ ሳለ የሯጭ ትንፋሽ ያሳያል። የደብረ ታቦር ብርድ ላስቲኩን አድርቆት ነው አልኩሽ። ሞቅ ያለ ቦታ ለኪው ብዬ ወንዛዬ ፍል ውሃ ድረስ ላክሁሽ። እያሳለሽ ሄደሽ፣ ያንኑ ይዘሽ ተመለስሽ። ላስቲኩ ብልሹ ነው፣ ሌላ ሥሪ አልኩ። ሠራሽ። አሁንም ያው።

አንድ ጊዜ፣ እስቲ አንቱ ይሞክሩት ብለሽኝ ነበር። አባት በልጁ ፊት ደረቱን አይገልጥም ብዬ እምቢ አልኩ። አንድን መሣሪያ ከመኮነን በፊት በሌላ ነገር ላይ መፈተን ለዘጠነኛ ክፍል ተማሪ የማስተምረው ነገር ነው።

ልብሽ ከደከመ መቆየቱን ሐኪሙ የነገረን ሆስፒታል በገባሽ በሁለተኛው ቀን ነው። በሦስተኛው አጣንሽ።

ከቀብርሽ በኋላ በር ዘግቼ ላስቲኩን ደረቴ ላይ አሰርኩት። መስመሩ ቀስ ብሎ ወጣ፣ ቀስ ብሎ ወረደ። ትንፋሼን በሰዓት ቆጠርኩ፤ ልክ ነበር። ደጋግሜ ለካሁ፤ ልክ ነበር።

እናትሽ፣ ምነው አንድ ምልክት እንኳ ባሳየችን እያለች ስታለቅስ መስማት አልቻልኩምና ሁሉንም ነገርኳት። አልጮኸችብኝም። ነጠላዋን አንስታ ገሳይ ከተማ ያለችው እኅቷ ዘንድ ሄደች። ይኸው አሥራ አንድ ቀኗ ነው፤ ለሰማንያሽም አልተመለሰችም።

ሊያጽናኑኝ የሚመጡት የእግዜር ፈቃድ ነው ይላሉ። እኔ በእነሱ አነጋገር አላስታውስሽም። ደረትሽን በእጅሽ ይዘሽ፣ አባዬ፣ የተበላሸሁት እኔ ብሆንስ ብለሽ መጠየቅሽን፣ እኔም ስቄ ድገሚው ማለቴን፣ አንዷንም ቃል ሳላሳምር፣ እስክሞት አስታውሳለሁ።

አባትሽ