ሙቀቱ ነው አልኳት

ሰኔ 6 ቀን 2003፣ ሰመራ

የሐዋርያት ጾም ገባ። ቢሮው ከጠዋቱ ምድጃ ነው። ማራገቢያው ትኩስ አየር ከማዞር ሌላ ምን ይሠራል?

ኡሙሀኒ እንደ ልማዷ ኮምፒውተሯን ሳትከፍት እኔ ጠረጴዛ ጋ መጣች። "ምን ሰማሽ? ምን አየሽ?" እኔ ምን እሰማለሁ... እሷ ግን መች ታጣለች፤ የማን ግመል ወለደች፣ ሎጊያ ማን ገባ፣ አሳይታ ማን ታመመ። ዳጉ ነው፤ አፋር ከአፋር ሲገናኝ ያየውንና የሰማውን ሳይለዋወጥ አያልፍም። "የሰመራ ሬዲዮ" እላታለሁ። "ሬዲዮ ይዋሻል፣ ዳጉ አይዋሽም። አንዴ የዋሸን ሰው ማን ሁለተኛ ይጠይቀዋል?" አለች። ስቀን ወደ ሥራ።

ለቢሮው ተንቀሳቃሽ ሃርድ ዲስክ ተገዛ። ሎጊያ፣ ኡሙሀኒ የራሷን ከገዛችበት ሱቅ። ጥቁር፣ መዳፍ የሚያክል። አለቃችን አቶ ኃይለ ልዑል፣ "አዘጋጂውና ፋይሉን ሁሉ ጫኚበት። ይሄ አሮጌ ኮምፒውተር አንድ ቀን ጉድ ይሠራናል" አሉ።

ሰኔ 8

ኡሙሀኒ ሃርድ ዲስኳን አመጣችልኝ። የአባቷ ቪዲዮ ያለበት። አምና ነው የሞቱት። የቀረጸችበት ስልክ ተበላሽቷል፤ የቀረው እዚህ ያለው ብቻ ነው። "ሀይሚ፣ አንድ ቅጂ አውጪልኝ። አባቴ አንድ ግመል ብቻ ያለው ሰው እንቅልፍ የለውም ይል ነበር።"

ትንሽ አየን። ዛፍ ሥር ተቀምጠው፣ በትራቸውን ትከሻቸው ላይ አጋድመው፣ ጎሳቸውን ከቅድመ አያት ጀምረው ሲቆጥሩ። አፋርኛው አልገባኝም። መሀል ላይ ግን ሳቁ... የእሷው ሳቅ።

"ነገ አወጣልሻለሁ" አልኳት። ለምን ነገ አልኩ?

ሰኔ 9

እግዚኦ።

ሁለቱም ጠረጴዛዬ ላይ ነበሩ። ሁለቱም ጥቁር። የቢሮውን ፎርማት ላድርግ ብዬ ሰካሁ። "ያለው ሁሉ ይጠፋል፣ ልቀጥል?" አለ። ጠይቆኛል! አዲስ ነው፣ ምን አለውና ይጠፋል ብዬ እሺን ተጫንኩ። ሌላኛውን ስሰካ እሱም ባዶ። ያጠፋሁት የኡሙሀኒን ነበር።

ኡሙሀኒ ከዙህር ሶላት ተመለሰች። "አለቀልሽ?"

እውነቱ አፌ ላይ ነበር። የወጣው ግን ሌላ... "አልከፍት አለኝ። ሙቀቱ ነው መሰለኝ።"

እዚህ አገር በሙቀት የማይላከክ ነገር የለም። ጀነሬተር ቢቆም ሙቀቱ፣ ባልና ሚስት ቢጣሉ ሙቀቱ። አመነችኝ። ይባስ ብላ፣ ዲስኳን ቦርሳዋ እየከተተች፣ "አንቺ ምን ታደርጊ" ብላ አጽናናችኝ። እኔን!

በጾም። ለዚያውም ለጓደኛዬ።

ሰኔ 10

ራሴን አመመኝ ብዬ ቤት ዋልኩ። ሌላ ውሸት።

ሰኔ 13

ለደሴ ደወልኩ። የአክስቴ ልጅ፤ አዋሽ ሰባት ኮምፒውተር ይጠግናል። ሳቀብኝ። "ፎርማት ብቻ ከሆነ ይመለሳል። ምንም እንዳትጭኚበት። ቅዳሜ ይዘሽው ነይ።" ከወንበሬ ዘለልኩ። ማንም ሳያውቅ ይመለሳል! ...ይቺን "ማንም ሳያውቅ" ስጽፋት አፈርኩ።

ሮጬ ኡሙሀኒ ጋ። "ዲስኩስ?"

"ዱብቲ፣ እናቴ ጋ ላክሁት። ሙቀት ነው ስላት እኔ አበርደዋለሁ አለች።"

"አስመልሺው፤ ቅዳሜ የአክስቴ ልጅ ይየው" አልኳት።

ሰኔ 15

መጣ። ጀሪካን ውሃ እንደሚበርደው በእርጥብ ጆንያ ተጠቅልሎ። እናቷ ከአልጋቸው አጠገብ አስቀምጠው፣ ጆንያው በደረቀ ቁጥር ውሃ ሲያርከፈክፉበት ከርመዋል። ስፈታው ከጠርዙ ውሃ ጠብ አለ።

ያኔም አልተናገርኩም። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ። የእኔ እያደር ጨለመ።

ሰኔ 18፣ አዋሽ ሰባት

በማለዳ ወጥቼ ከጅቡቲ ተሳቢዎች ኋላ ስንከላወስ ዋልኩ። ደሴ ፈታታው። ራሱን ነቀነቀ። "ውሃ ገብቶበታል፤ ውስጡ ተበልቷል። ፎርማቱ እንኳ ምንም አልነበረም። የገደለው ውሃው ነው።"

ለአንድ አፍታ ቀለል አለኝ። እኔ አይደለሁማ! ውሃው ነው! ...ወዲያው ራሴን ጠላሁት።

ሰኔ 20

"ምን አለ?" አለችኝ ገና ስገባ። "ውሃ... ውሃ ነክቶታል አለ።" እሱ እውነት ነው። ግማሽ እውነት። እዚያው ቆማ ለእናቷ ደወለች። ከእናቷ ወሬ አትደብቅም። በአፋርኛ ስታወራ ድምጿ ሲሰበር ሰማሁ።

ሰኔ 21

እናቷ እህል አልቀምስም ብለዋል። "ባሌን ሁለተኛ በገዛ እጄ ቀበርኩት" ብለው። ኡሙሀኒ እያለቀሰች፣ "ለእኔ ብላ እኮ ነው። ምን ልበላት?"

በእኔ ውሸት የሰው እናት ትራብ? ነገርኳት። ፎርማቱንም፣ እሺ ማለቴንም፣ ሙቀቱንም። ቆማ ሰማችኝ።

"ሙቀቱ ነው ብዬ ለስንት ሰው ተናገርኩ" አለች ቀስ ብላ። "ለዱብቲ፣ ለሎጊያ፣ አዳይቱ ድረስ። በእኔ አፍ ውሸት ሄደ።"

"ለእናትሽ እኔ ልንገራቸው።"

"አዎ። አንቺ ነሽ የምትነግሪያት።"

ሰኔ 25፣ ዱብቲ

ኡሙሀኒ አስተረጎመች። የራሴን ጥፋት በእሷ አፍ፣ በማላውቀው ቋንቋ ሰማሁት። እናቷ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ።

"ያን ቀን ብትናገሪ ኖሮ ይገኝ ነበር ወይ ትልሻለች።"

"አዎ... ይገኝ ነበር።"

ኡሙሀኒ ይሄንንም አስተረጎመች፤ እኔን ሳታይ። እናቷ ተነሥተው ከዚያው በእርጥብ ጆንያ ከተጠቀለለው ጀሪካን ውሃ ቀዱልኝ። እንግዳ ነኛ። ጠጣሁት።

ሐምሌ 4

ነገ ጾሙ ይፈታል። የቢሮው ፋይል አሁን ሁለት ቦታ አለ። አቶ ኃይለ ልዑል አመሰገኑኝ።

ኡሙሀኒ ጠዋት ገባች። "ሰላም ነው?" "ሰላም።" ቀጥታ ኮምፒውተሯን ከፈተች። "እናትሽስ?" አልኳት። "ትበላለች።" ይኼው ነው። ምን ሰማሽ የለ፣ ምን አየሽ የለ። እኔ ዛሬ የምነግራት ነበረኝ፤ እህቴ ወልዳለች። ዋጥኩት።

ወደ ቤት ስወጣ ዘበኛው ፊቱ ፈክቷል። አዳይቱ ትናንት ውሃ እስኪተኛ ዘንቧል አለኝ። ማን ነገረህ አልኩት።

ኡሙሀኒ። ጠዋት ስትገባ፣ በር ላይ።